በዋልታ ድብ ጸጉር ፋንታ ምን ይታሰር? ለዓሣ ማጥመጃ ዝንብ የሚሆን ጸጉር አመራረጥ

ሁለት እስር ነጭ ጸጉር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። አንደኛው ከአጋዘን ጭራ የተቆረጠ፣ ሁለተኛው ለሹሩባ ከሚሸጠው ሰው ሠራሽ ጸጉር የተመዘዘ ይሁን። ርዝመታቸውን አስተካክሉ። ደረቅ እንደሆኑ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ የሚያይ ሰው አይለያቸውም። አሁን የእያንዳንዳቸውን አንድ ጫፍ በክር አስራችሁ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ በዝግታ ጎትቷቸው። የአጋዘኑ እስር ቅርጹን ይዞ ይሄዳል፤ የሚወዛወዘው ጫፉ ብቻ ነው። የሹሩባው ግን ገና ሲነካ ተሰብስቦ እንደ ጅራፍ ይቀጥናል። መጎተቱን ስታቆሙ ይኸው የሹሩባ ጸጉር ቀስ ብሎ ይበተናል፣ የአጋዘኑ ያው እንደነበረ ነው።

ዓሣው የሚያየው ይህንን የውሃ ውስጥ ጠባይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነጭነት የምናየው እኛ ብቻ ነን።

ለጉዳዩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ልንገር። ፍላይ ፊሺንግ በሚባለው የዓሣ ማጥመድ ዘዴ የሚወረወረው ማታለያ «ዝንብ» ይባላል እንጂ ሁልጊዜ ዝንብ አይደለም። በመንጠቆ ላይ ጸጉር፣ ላባና ክር በመጠቅለል የሚሠራ የማንኛውም የዓሣ ምግብ ምስል ነው፤ በራሪ ነፍሳት፣ የውሃ ትል፣ ሽሪምፕ፣ ትንሽ ዓሣ ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ዝንብ የተለመደ አሠራር አለ፤ ምን ዓይነት መንጠቆ፣ ምን ዓይነት ክር፣ የየትኛው እንስሳ ጸጉር እንደሚያስፈልገው ተለይቶ የሚታወቅ። ችግሩ የሚመጣው አሠራሩ የሚጠይቀው ጸጉር ሲጠፋ፣ ሲከለከል፣ ወይም ሲወደድ ነው። ያኔ አብዛኛው ሰው «እሱን የሚመስለው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም ለዓመታት የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር፤ ሳጥን ሙሉ የማይረባ ዝንብ ያተረፈልኝም ይኸው ጥያቄ ነው። መጠየቅ የነበረብኝ «ይህ ጸጉር እዚህ ዝንብ ላይ ሥራው ምንድን ነው?» የሚለውን ነበር። ማንሳፈፍ ነው? መንጨባረር፣ ማለትም ሲታሰር ተነሥቶ መቆም ነው? መወዛወዝ ነው? ወይስ ብርሃን አሳልፎ ማብለጭለጭ? አንድ ምትክ እነዚህን ሁሉ አይሠራም፤ ደግነቱ አንድ ዝንብም ሁሉንም አይጠይቅም።

ጸጉሩ ውስጥ ያለው አየር

ጸጉር፣ ሱፍ፣ ጥፍርና ቀንድ የተሠሩት ኬራቲን ከሚባለው ፕሮቲን ነው። ኬራቲን ደግሞ ከውሃ ይከብዳል፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውሃ 1 ግራም ሲመዝን የዚያው ያህል ኬራቲን 1.3 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ጸጉር ከተንሳፈፈ ያንሳፈፈው ውስጡ ያለው አየር ነው።

አንድ ዘለላ ጸጉር በማጉያ ቢታይ ሦስት ነገር አለው። ውጪው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ የተነጠፈ ስስ ልባስ ነው። ከሥሩ ጥንካሬ የሚሰጠው ወፍራም ክፍል አለ። መሐሉ ላይ ደግሞ መቅኔ የሚመስል አንጓ። የሰው ጸጉር ላይ ይህ መቅኔ በጣም ቀጭን ነው፣ ብዙ ጊዜም ጭራሽ የለም። የአጋዘን የገላ ጸጉር ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ ዘለላው በሞላ ጎደል መቅኔ ብቻ ነው፤ እንደ ማር እንጀራ የተከፋፈሉ፣ አየር የቋጠሩ ክፍሎች በስስ ግድግዳ ተጠቅልለው። እንስሳውን ከክረምት ብርድ የሚያድነው ይህ የታሰረ አየር ነው። ለዚህም ነው በብርድ ወቅት የተገኘ ቆዳ ከሙቀት ወቅቱ ይልቅ ለዝንብ ሠሪ የሚመረጠው።

እንዲህ ያለውን ጸጉር በመንጠቆው ግንድ ላይ አድርጋችሁ በክር ስታጠብቁት ክሩ ያረፈበት ቦታ እንደ ተጨፈለቀ ገለባ ይሟሽሻል፣ የቀረው በሁለቱም ወገን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጸጉሩ ይንጨባረራል ማለት ነው። አንዱን እስር ከአንዱ አጠጋግቶ አስሮ በመቀስ እንደ አጥር ችግኝ ሲከረከም አየር የሞላ፣ የማይሰጥም ጠንካራ ጭንቅላት ይወጣዋል። ዶን ጋፔን የተባለ ሰው በ1930ዎቹ ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ በኒፒጎን ወንዝ የሠራው መድለር ሚኖው የሚባል ዝንብ ዝነኛ የሆነው በዚህ ዓይነት ጭንቅላቱ ነው።

ምትክ ፍለጋው ላይ ያልተሳካልኝ ደግሞ እዚሁ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የአጋዘን ጸጉር አልቆብኝ ነጭ የፍየል ጸጉር ነበረኝ። ቀለሙም ርዝመቱም ልክ ነው። እስሩን መንጠቆው ላይ አድርጌ ክሩን ሁለት ዙር አዞርኩና አጠበቅሁ። ምንም። ጸጉሩ ተጋድሞ እንደተኛ ቀረ። ሦስተኛ ዙር ስጨምር በግንዱ ዙሪያ ሙልጭ ብሎ ዞረ። እልህ ይዞኝ ደግሜ ስስበው ክሩ ተበጠሰ፣ ጸጉሩም ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። የፍየል ጸጉር ከአጋዘኑ አንጻር ውስጡ ድፍን ነው፤ የሚጨፈለቅ አየር ብዙ የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ብታጠብቁት አይንጨባረርም። ጥፋቱ የፍየሉ አይደለም፣ የማይችለውን ሥራ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

መንጨባረር ለሚፈልግ ዝንብ ትክክለኛው ምትክ ያው ውስጡ አየር የሆነ ሌላ ጸጉር ነው። ካሪቡ የሚባለው የሰሜን አጋዘንና ፕሮንግሆርን የሚባለው የሰሜን አሜሪካ አውሬ ጸጉራቸው ከአጋዘን እንኳ ይበልጥ ይንጨባረራል፤ ግን ተሰባሪ ነው፣ ጥርስ ያለው ዓሣ ሁለት ሦስቴ ከነከሰው ይረግፋል። ኤልክ የሚባለው ትልቅ የአጋዘን ዘር ደግሞ የጸጉሩ ግድግዳ ወፈር ስለሚል የሚንጨባረረው በልክ ነው። አል ትሮት በ1957 የሠራው ኤልክ ሄር ካዲስ የተባለው ተንሳፋፊ ዝንብ ይህን ጠባይ ይጠቀምበታል፤ ክንፉ ከፍ ይላል እንጂ ወደ ጎን አይበተንም። በሌላ ጸጉር ስትተኩት ክንፉ ወይ ተጋድሞ ይቀራል ወይ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል።

ከፋብሪካ ውጤቶች መካከል እንደ አጋዘን ጸጉር የሚንጨባረር አላገኘሁም። ሥራው ማንሳፈፍ ብቻ ከሆነ ግን ጸጉሩን ትቶ ፎም የሚባለውን ስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ መጠቀም ይቻላል። ጸጉር አይመስልም፣ አየር መቋጠሩን ግን ከማንም የተሻለ ይሠራል። ቆንጆ ነው አልልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አንድ የአጋዘን ጭራ አንድ ዓይነት ጸጉር አይደለም። ከጭራው ሥር፣ ወደ ገላው የቀረበው ጸጉር አየር አለው፣ ሲታሰር ይንጨባረራል። ወደ ጫፉ ያለው ግን ድፍን እየሆነ ይሄዳል፣ ተጋድሞ ይታሰራል። ስለዚህ «የአጋዘን ጭራ ገዝቼ አልሠራልኝም» የሚል ሰው ሌላ ከመግዛቱ በፊት እዚያው ጭራ ላይ አራት ጣት ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢቆርጥ ይሻለዋል።

ከገበያ የወጡት

ድሮ የዝንብ ሠሪዎች ወርቅ የዋልታ ድብ ጸጉር ነበር። በተለይ በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ለሳልሞን የሚሠሩ ትልልቅ ዝንቦች ያለሱ አይታሰቡም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የአሜሪካ የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ ንግዱን አጠበበው። በ1973 የተፈረመውና በ1975 ሥራ ላይ የዋለው ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ ድንበር ማሻገሩን በፈቃድ ብቻ አደረገው። አቆስጣ የሚባለው የባሕር እንስሳ ጸጉርም አሜሪካ ውስጥ በዚያው በ1972ቱ ሕግ ተገደበ፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2009 የአቆስጣ ውጤቶችን ንግድ በሕግ ከልክሏል፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎችን ትቶ። እጅ በእጅ የሚሸጥ አሮጌ ቁራጭ ቢያጋጥማችሁ ከቀለሙ በፊት ወረቀቱን ጠይቁ። ጉምሩክ ላይ «ዝንብ ለመሥራት ነው» ማለት አያድንም።

የዋልታ ድብ ጸጉር ምን ነበረው? በመጀመሪያ፣ ነጭ አይደለም። ዘለላው ቀለም አልባ ነው፣ መስተዋት መሰል። ነጭ የሚያስመስለው ብርሃን ውስጡ እየተበታተነ መመለሱ ነው። ቀለም ሲነከር ቀለሙ ከውስጥ የሚበራ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ ጠጣር ነው፤ ረጅም ሆኖ እንኳ አይልፈሰፈስም። ሦስተኛ፣ ጫፉ ላይ ቀስ እያለ ይቀጥናል።

ስለ ድቡ ጸጉር የሚወራ አንድ ተረትም አለ፤ ለሰው ዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን እያንጸባረቀ ዓሣ ይጠራል ይባላል። እንዲያውም «የድቡን የአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚተካ» እየተባለ የሚሸጥ ሰው ሠራሽ ጸጉር አለ። በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች ድቦችን በአልትራቫዮሌት ፎቶ ሲያነሷቸው በረዶው ነጭ ሆኖ ድቡ ጥቁር ነበር የወጣው። ጸጉሩ ያንን ብርሃን ይውጠዋል እንጂ አያንጸባርቅም። ስለዚህ በዚህ ስም ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠየቅበት ዕቃ ሲመጣ እኔ እጄን ወደ ኪሴ አልሰድም።

ለድቡ የቀረበው ምትክ፣ የሚገርመው፣ ያ መንጨባረር ያልቻለው ፍየል ነው። የፍየል ጸጉር ድፍን፣ ቀጥ ያለና ወዝ ያለው ነው፤ ብርሃን በደንብ ያሳልፋል፣ ቀለም በደንብ ይቀበላል። ከድቡ ትንሽ ይለሰልሳል እንጂ ሥራውን ይሠራል። የአጋዘን ጭራ ጠጣርነቱ ቢኖረውም ድብዝዝ ነው። የጥጃ ጭራ ከርዳዳና አጭር ስለሆነ ለረጅም ዝንብ አይሆንም። ከርዳዳነቱ ግን ሌላ ቦታ ይጠቅማል፤ ዘለላዎቹ እርስ በርስ እየተገፋፉ ስለሚቆሙ ጥቂት ጸጉር ብዙ ይመስላል፣ ለትናንሽ ተንሳፋፊ ዝንቦች ነጭ ክንፍ ጥሩ ነው። ሊ ዉልፍ የተባለ አሜሪካዊ በ1930 አካባቢ የሠራቸው ዝንቦች ክንፋቸው መጀመሪያ ከአጋዘን ጭራ ነበር፤ ዛሬ ብዙ ሰው የሚሠራቸው በጥጃ ጸጉር ነው፣ ምትክ መሆኑን የሚያስታውሰውም የለም።

የአቆስጣው ሥራ ሌላ ነበር። እሱ ተፈትሎ የሚጠቀለል ነው። ባዘቶ የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል፤ ጸጉሩ ተበጥሮ፣ ተቀላቅሎ፣ በሰም በታሸ ክር ላይ በጣት ይፈተልና የዝንቡ ገላ ሆኖ ይጠቀለላል። የአቆስጣ ጸጉር ጠጣርና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ሲፈተል አይታዘዝም፤ ዘለላው ከየቦታው እየተነሣ ይቆማል፣ በመካከሉም የአየር አረፋ ይይዛል። ዓሣ የሚስበው ያ አለመታዘዙ ነው። ስለዚህ ለምትኩ ለስላሳና በቀላሉ የሚፈተል ሱፍ መምረጥ ስህተት ነው፤ ለጣት የተመቸ ባዘቶ ለዓሣ የሞተ ነው። ሞሄር የሚባለው የአንጎራ ፍየል ጸጉር በጣም ይቀርበዋል። ስትገዙ ግን ስሙ እንዳያምታታችሁ፤ አንጎራ ጥንቸልም አለች፣ የእሷ ጸጉር እንደ ደመና የሚልም ነውና ለዚህ ሥራ አይሆንም። «አንጎራ» የሚል ከረጢት ስታነሱ በጣታችሁ እሹት። ቆርቆር ካላደረጋችሁ መልሱት።

የፋብሪካው ጸጉር

ሲንተቲክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ጸጉር ሁሉ አንድ እየመሰለን እንሳሳታለን። አብዛኛው ሻጭ ከረጢቱ ላይ የሚጽፈው ያወጣለትን ስም እንጂ ፕላስቲኩ ምን እንደሆነ አይደለም። ልዩነቱ ግን እዚያ ነው ያለው። ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ይቀላል፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትሩ 0.9 ግራም ነው፤ ውሃም ጨርሶ አይጠጣም ማለት ይቻላል። ለተንሳፋፊ ዝንብ ክንፍ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ናይለን 1.14፣ አክሪሊክ 1.17 አካባቢ፣ ፖሊስተር 1.38 ገደማ ነው፤ ሦስቱም ይሰጥማሉ፣ ፖሊስተር በፍጥነት። ከነጭነታቸው በስተቀር የማይመሳሰሉ ሦስት ዕቃዎች አንድ መደርደሪያ ላይ አንድ ዓይነት መስለው ይሰቀላሉ።

የውሃ ጉዳይም አለ። የእንስሳ ጸጉር ውሃ ይወዳል፤ ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ውሃ ወደ ውስጡ ሊያስገባ ይችላል፤ በዘለላዎቹ መካከል የሚይዘው ሲጨመርበት ትልቅ ዝንብ እንደ ረጠበ ካልሲ ይከብዳል። ናይለን እስከ 8 በመቶ ገደማ ይጠጣል፤ ፖሊስተር 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። አንድ ክንድ የሚሆን ዝንብ ቀኑን ሙሉ የሚወረውር ሰው ይህን በትከሻው ያውቀዋል። ፓይክን ለመሳሰሉ ትልልቅ አዳኝ ዓሦች የሚሠሩ ዝንቦች ወደ ሲንተቲክ የዞሩበት ዋነኛ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ሲንተቲክ ሁለት ጊዜ በአየር ላይ ሲወናጨፍ ውሃውን አራግፎ ይቀላል።

ብርሃንን በተመለከተ የዘለላው ቅርጽ ከቀለሙ ይበልጣል። ዱፖንት ለምንጣፍ የሠራው አንትሮን የሚባል ናይለን አለ። ዘለላው በመስቀለኛ ሲቆረጥ ክብ አይደለም፤ ሦስት ጎን ያለው ነው፣ እንደ ሦስት ቅጠል። ምንጣፍ ላይ ሲሆን ብርሃኑን እየሰባበረ እድፉን ይደብቃል። ጌሪ ላፎንቴን የተባለው አሜሪካዊ ይህንኑ ክር ከምንጣፍ ወደ ወንዝ አመጣው፤ ከውሃ ሥር ወደ ላይ ሲወጡ በአየር አረፋ ተከበው የሚያበሩ ነፍሳትን ለመምሰል። ከአቆስጣ ምትኮች ብዙዎቹ ዛሬ ይህ ሦስት ጎን ያለው ክር ከሞሄር ጋር የተቀላቀለባቸው ናቸው።

ጠጣርነትና ልስላሴን የሚወስነው ከሁሉ በላይ ውፍረት ነው። ከአንድ ፕላስቲክ የተሠሩ ሁለት ዘለላዎች አንዱ የሌላው እጥፍ ቢወፍር ወፍራሙን ለማጠፍ 16 እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ርዝመት ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል፤ ዘለላው በእጥፍ ሲረዝም ጫፉ ላይ ያረፈ ያው ግፊት 8 እጥፍ ያጎብጠዋል። ስለዚህ በትንሽ ዝንብ ላይ ግሩም የነበረ ሲንተቲክ ትልቅ ላይ ሲታሰር ለምን እንደሚልፈሰፈስ ግልጽ ነው። ለስላሳና ረጅም ሲሆን ደግሞ በውርወራ ወቅት በመንጠቆው ቆልማማ ላይ ይጠመጠማል። የተጠመጠመ ዝንብ በጎኑ እየዞረ ይመጣል፤ ዓሣ ዞር ብሎም አያየው።

እንግዲህ የእንስሳ ጸጉር ትልቁ ብልጫው እዚህ ላይ ነው። ያልተቆረጠ ጸጉር ከሥሩ ወፈር ብሎ ወደ ጫፉ ይቀጥናል። ከሥሩ ጠጣር ስለሆነ አይጠመጠምም፣ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ይርገበገባል፤ ሁለቱን ተቃራኒ ሥራዎች አንዱ ዘለላ ብቻውን ይሠራል። ሲንተቲክ በአብዛኛው ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ነው። የእንስሳ ጸጉር ጫፉን የቆረጠ ሰውም የገዛውን ነገር በገዛ መቀሱ ሲንተቲክ አደረገው ማለት ነው። ርዝመት የሚስተካከለው ከሥሩ በኩል ነው።

ሲንተቲክን ማቅጠን ግን ይቻላል። እስሩን መሐሉ ላይ ያዙና ከሁለቱም ጫፍ ጥቂት ጥቂት ዘለላ እየመዘዛችሁ መልሳችሁ ደርቡት፤ ጫፎቹ ወጣ ገባ ይሆናሉ። ካሰራችሁት በኋላ ደግሞ መቀሱን ከጸጉሩ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ከጫፉ ወደ ውስጥ እየሰነጠቃችሁ ከርክሙት። አግድም አንድ ጊዜ ቀጭ ያደረጉት ዝንብ የቀለም ብሩሽ ይመስላል።

ክራፍት ፈር የሚባለው የአሻንጉሊት ጸጉር ከዚህ ድካም በከፊል ያሳርፋል። አክሪሊክ ነው፤ አንድ ቁራጭ ላይ ረጃጅምና አጫጭር ዘለላዎች ተቀላቅለው ስላሉበት በተፈጥሮ የበቀለ ይመስላል። ከሥሩ ያለውን ብጥስጣሽ በማበጠሪያ ማውጣትን ግን አትዝለሉ፤ ከተተወ የዝንቡ ጭንቅላት ያለ ልክ ያብጣል። የበረዶ ቀበሮ ጸጉር ላይም ሥራው ያው ነው፤ ረጃጅሞቹን ይዞ የውስጡን ልም ማበጠር። ሁሉንም ግን አታውጡት፤ ጥቂት ልም ከሥር ሲቀር ረጃጅሞቹን ደግፎ ያቆማቸዋል።

የሹሩባ ጸጉርስ? ብዙ ጊዜ ሞድአክሪሊክ የሚባል የአክሪሊክ ዘመድ ነው፣ ካኔካሎን የሚባለውም ከዚሁ ወገን ነው። ረጅም፣ ርካሽና በየቀለሙ የሚገኝ ነው። ብቻውን ግን እንደ ሳፋው ሙከራ ይልፈሰፈሳል። ሥራ ይሰጠው ካላችሁ የላይኛው መጋረጃ ይሁን፤ ከሥሩ የሚያቆመው ጠጣር ነገር ይኑር።

አንድ ዝንብ በሞርሳው ላይ

በ1980ዎቹ ቦብ ክላውዘር የተባለ አሜሪካዊ የሠራው ክላውዘር ሚኖው የሚባል ዝንብ አለ፤ ትንሽ ዓሣ ነው የሚመስለው። ከባድ የብረት ዓይን አለው፣ ከዚያ ነጭ የአጋዘን ጭራ፣ ትንሽ የሚያብለጨልጭ ክር፣ ሌላ ቀለም ያለው የአጋዘን ጭራ። ይኸው ነው። ዓይኑ ስለሚከብድ መስመሩን ስትስቡት ወደ ላይ፣ ስትለቁት በጭንቅላቱ ወደ ታች ይላል።

አሁን የአጋዘን ጭራ የለም እንበል። የጸጉሩን ሥራ እንጠይቅ። እንቅስቃሴውን የሚሰጠው የብረቱ ዓይን ስለሆነ ጸጉሩ ብዙ መርገብገብ አይጠበቅበትም። ማንሳፈፍም የለበትም። የሚፈለገው ሲሰጥም ቅርጹን እንዲጠብቅና መንጠቆው ላይ እንዳይጠመጠም ነው። እንግዲያው ጠጣር እንጂ ለስላሳ አይደለም የሚፈለገው። የበረዶ ቀበሮ ወደቀ። ክራፍት ፈር ብቻውን እንደነገሩ ነው። ፍየል አለፈ። ወፈር ያለ ናይለንም አለፈ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። መንጠቆውን ሞርሳው ላይ አጠብቃለሁ፤ 140 ዴኒየር (ዴኒየር የክር ውፍረት መለኪያ ነው) ክር ከግንዱ ላይ እጠቀልልና ዓይኑን አስሬ ማስቲሽ ጠብ አደርግበታለሁ። ከዚያ ነጭ የፍየል ጸጉር አነሣለሁ፤ ተጨምቆ ሲያዝ ከክብሪት እንጨት ውፍረት የማይበልጥ። ርዝመቱ የመንጠቆው ሁለት እጥፍ ተኩል። መጀመሪያ ሁለት ዙር ለቀቅ አድርጌ፣ ሦስተኛው ላይ ክሩን ወደ ታች እስባለሁ። የፍየል ጸጉር የሚያዳልጥ ስለሆነ ሌላ ዙር ከመጨመሬ በፊት ከክሩ ሥር ትንሽ ማስቲሽ አስገባለሁ፤ ይህችን የዘለለ ሰው ከሦስተኛው ዓሣ በኋላ ራሰ በራ መንጠቆ ይቀረዋል። ለጀርባው በክብሪቱ ግማሽ ውፍረት ክራፍት ፈር እደርባለሁ። ፍየሉ ያቆማል፣ ክራፍት ፈሩ ከላይ ይተነፍሳል።

ጸጉሩ አነሰ ብላችሁ ስትጨምሩ እጃችሁን ያዙ። ደርቆ ሲታይ የሳሳ ዝንብ ውሃ ውስጥ ሙሉ ነው። ሲንተቲክ ላይ ይህ ይበልጥ ይሠራል፤ ከአጋዘኑ ጸጉር ግማሹ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ጥርሳም ዓሣ ባለበት ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። አሜሪካ ኒው ጀርሲ ላይ ቦብ ፖፖቪክስ የተባለ ዝንብ ሠሪ ሰው ሠራሽ ጸጉሩን አስሮ ፊተኛውን ክፍል ኢፖክሲ በሚባለው ደርቆ በሚጠነክር ማጣበቂያ ሸፈነው። ጸጉሩ የማይበጣጠስ፣ የማይጠመጠም፣ ብርሃንም የሚያሳልፍ ሆነ። ሲንተቲክ ለእንስሳ ጸጉር ምትክ መሆኑን ትቶ በራሱ ቆሞ ከሠራባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

ስትገዙና ስትሞክሩ

ምን እንደገዛችሁ ካላወቃችሁ ጥቂት ዘለላ በወረንጦ ይዛችሁ በብረት ሳህን ላይ አቃጥሉ። የእንስሳ ጸጉር ይጠቀለላል፣ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ ሲነካ የሚደቅ አመድ ይተዋል። ናይለንና ፖሊስተር ቀልጠው ጠጣር ዶቃ ይሆናሉ። ፖሊፕሮፒሊን ሲቀልጥ ሻማ ሻማ ይሸታል። ሞድአክሪሊክ ከእሳቱ እየሸሸ ይሸበሸባል፣ እሳቱን ስታርቁት ይጠፋል። መንሳፈፉን ለማየት ደግሞ ውሃው ላይ ጥሎ መመልከት አይበቃም፤ አረፋ ያታልላል። ጠብታ የዕቃ ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ በጣታችሁ አሽታችሁ አረፋውን አስወጡና ልቀቁት።

የማቃጠሉ ውጤት ቀለም ስትነክሩም ያገለግላችኋል። የእንስሳ ጸጉርና ናይለን ለሱፍ የሚሆነውን ቀለም ከኮምጣጤ ጋር ይቀበላሉ። ቅባቱን አስቀድማችሁ በሳሙና እጠቡ፤ ውሃው ይሙቅ እንጂ አይፍላ፣ ከፈላ ቆዳው ይኮማተራል። ፖሊስተር በዚህ ቀለም አይነካም። ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ ቀለሙ ገና ፋብሪካ ሲቀልጥ የተቀላቀለበት ነው፤ ቤት ውስጥ ልትለውጡት አትችሉም፣ በማርከር ከላይ ከመሰረዝ በቀር።

ቆዳው ላይ ያለ ጸጉር ስትገዙ ቆዳውን ጎንበስ አድርጉት። ከተሰነጠቀ ወይም ጸጉሩ እፍኝ እፍኝ ከወጣ ተዉት። አዲስ የገባውን ሁሉ ከሌላው ጋር ከመቀላቀላችሁ በፊት በታሸገ ፕላስቲክ አድርጋችሁ ሁለት ሳምንት ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ አቆዩት፤ አንድ ብል የገባበት ጭራ የዓመታት ክምችት ይጨርሳል። ሲንተቲክን ብል አይበላውም። እሱን የሚያበላሸው ታጥፎ መቀመጥና ሙቀት ነው። ፀሐይ ያገኘው መኪና ውስጥ የተረሳ ከረጢት ሲከፈት ጸጉሩ ሁሉ እንደተጎነጎነ ይደርቃል። ያኔ አትጣሉት፤ ከሚፈላ ጀበና አፍ ላይ በሚወጣው እንፋሎት ራቅ አድርጋችሁ ያዙና በማበጠሪያ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ሳቡት። ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ጠጋ ካደረጋችሁት ግን ይኮማተርና በእጃችሁ የቀረው ጥቅልል ፕላስቲክ ይሆናል።